ከግርጌ ቁሙ፦ የቀድሞ ወታደር ለምታስታምሙ አዲስ ረዳቶች

በሆስፒታል ረዳትነት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ የተኛ ሰው ትከሻ ነካሁ። ሙቀት ልለካቸው ነበር። ሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ በ1970 ኦጋዴን ላይ የተዋጉ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ በክርናቸው ደረቴን መቱኝና ከአልጋው ወርደው ወለሉ ላይ በደረታቸው ተኙ። ከዚያ ነቁ። እኔን ሲያዩ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። የክርኑ ሕመም በሳምንቱ ለቀቀኝ። የእሳቸው ማፈር ግን እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

የተወለድኩት መንዝ ነው። ሥራውን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ወታደሮች በሚታከሙበት ሆስፒታል ነው። ኋላ እናቴ ስትታመም ወደ ደብረ ብርሃን መጣሁ። አሁን ያለሁበት ክፍል ውስጥም የቀድሞ ወታደር አይጠፋም። በ1969 እና በ1970 ከሶማሊያ ጋር የተዋጉ አሉ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን በእግራቸው የገቡ አሉ። ከ1990 እስከ 1992 በተደረገው ጦርነት የቆሰሉ አሉ። ከ2013 ወዲህ የመጡት ደግሞ ገና ልጆች ናቸው። አባቴም ከ1983ቶቹ ነው። ቤት ሲገባ ጫማ አልነበረውም። የመጀመሪያ ታማሚዬ እሱ ነው ማለት ይቻላል፤ እግሩን በሞቀ ውሃና በጨው ያጠብኩት እኔ ነኝ።

በቅርቡ ሁለት አዳዲስ ረዳቶች ተቀጠሩልን። ማታ ማታ እየጠሩ ይጠይቁኛል። የነገርኳቸውን ሰብስቤ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ አቀሰቃቀስ። የተኛ ወታደር አይነካም። ከአልጋው ግርጌ ቁሙ። እጁ የማይደርስበት ቦታ ነው። በስሙ ወይም በማዕረጉ ጥሩት፤ ድምፃችሁ ዝግ ያለ ይሁን። ካልነቃ መብራቱን አብሩና እንደገና ጥሩት። አሁንም ካልነቃ የእግሩን ጫፍ በብርድ ልብሱ ላይ ነካ አድርጉ። ሲነቃ ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንዳለ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ንገሩት። «እኔ ነኝ፤ ሆስፒታል ነው ያሉት፤ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፤ ሙቀት ልለካዎት ነው።» ከዚያ በኋላ ቅረቡ። ከኋላው መጥታችሁ ዊልቸሩን አትግፉ። የብረት ትሪ ወለል ላይ እንዳይወድቅባችሁ ተጠንቀቁ፤ እኔ ከትሪው ሥር ፎጣ አነጥፋለሁ።

አጠራሩ ላይ ወጣቶቹ ይሳሳታሉ። ገና ገብተው «አባባ» ይላሉ። ደስ የሚለው ሰው አለ። አንዳንዱ ግን «አባባ» ሲባል ያረጀ፣ የተጣለ ይመስለዋል። «አንተ» ማለትማ ፈጽሞ አይሆንም፤ በእኛ አገር አዛውንት «እርስዎ» ነው፣ ገጠር ስትወጡ «አንቱ» ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፦ «ምን ብዬ ልጥራዎት?» አንዱ «ሻምበል» ይላል። አንዱ ማዕረጉን መስማት አይፈልግም፤ «ጋሼ በይኝ» ይላል። የመረጠውን ካርዱ ላይ ጻፉና ሁሉም በዚያው ይጥራው።

እግረ መንገዳችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛው፣ ሰውነቱ ውስጥ የቀረ ብረት እንዳለ። አባቴ ጀርባው ላይ ፍንጣሪ ተሸክሞ እንደሚኖር ያወቅነው ለሳል ራጅ ሲነሳ ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት «ቁርጥማት ነው» ይል ነበር። ራጅ ችግር የለውም። ኤምአርአይ የታዘዘለት ሰው ግን ብረቱ ሳይነገር ማሽኑ ውስጥ ከገባ፣ ማግኔቱ ፍንጣሪውን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። ዓይን አጠገብ ያለ ብረት ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የተጻፈለትን ታማሚ ስታዘጋጁ፣ ብረቱን ለነርሷ ተናግራችሁ ወረቀቱ ላይ መስፈሩን ሳታዩ አትሸኙት።

ሁለተኛው ጆሮ ነው። መድፍና ታንክ ላይ የቆየ ሰው ብዙ ጊዜ አንዱ ጆሮው ይደክማል። «በየትኛው ይሻልዎታል?» በሉና በዚያ በኩል ቁሙ። አትጩኹ። ጩኸት ድምፁን ያዛባዋል፤ ፊታችሁን አሳዩት፣ ማስካችሁን ከቻላችሁ ዝቅ አድርጉ፣ ቀስ በሉ። «ግትር ነው፣ አይታዘዝም» ሲባል የሰማሁበት ስንት ሰው አለ መሰላችሁ፤ አልሰማም እንጂ እምቢ አላለም።

ሦስተኛው መጠጥ ነው። አገራችን ብርድ ነው፣ አረቄ በየቤቱ አለ፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ደግሞ በአረቄ ይተኛል። በየቀኑ ይጠጣ የነበረ ሰው ሆስፒታል ገብቶ በድንገት ሲያቆም፣ ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀምሮ እስከ ሁለተኛው ቀን ባለው ጊዜ እጁ መንቀጥቀጥ፣ ላብ ማላብ ይጀምራል። አንዳንዱ ያንቀጠቅጠውና ራሱን ይስታል። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን የሌለ ነገር የሚያይም አለ። ይህ ይገድላል። «ይጠጣሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አልጠጣም» ይላችኋል። «ብርዱን በምን ያሳልፉታል? በቀን ምን ያህል ይሆናል?» በሉ። መልሱን ለነርሷ በዚያው ዕለት ንገሩ። አስታማሚዎች ባሉበት አትጠይቁት።

አሁን ወደ ገላ ማጠብ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። በዚህ ብርድ አንድን ሽማግሌ ገልጣችሁ አታጥቡም። መስኮቱን ዝጉ፣ መጋረጃውን ሳቡ፣ ፎጣውንና የሚለብሰውን ልብስ አስቀድማችሁ አጠገባችሁ አድርጉ። ውሃውን በክርናችሁ ለኩ። ከፊቱ ጀምሩ፤ ዓይንን በንጹሕ ውሃ ብቻ፣ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ። ከዚያ አንድ እጅ ገልጣችሁ፣ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ትሸፍናላችሁ። ከዚያ ሌላውን። ውሃው ሲቀዘቅዝ ቀይሩ። የጀርባውንና የታችኛውን ክፍል በመጨረሻ፣ በሌላ ጨርቅ። ራሱ ማጠብ የሚችለውን ክፍል ጨርቁን በእጁ ስጡትና ፊታችሁን አዙሩ። ጠመንጃ ይዞ የኖረ ሰው በልጁ ዕድሜ ባለች ሴት መታጠብ ከቁስሉ በላይ ሊያመው ይችላል። ወንድ ረዳት ካለና እሱን ከመረጠ፣ ቦታውን ልቀቁ።

ሀይላንድ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በብርድ ጊዜ አስታማሚው የፈላ ውሃ በሀይላንድ ሞልቶ እግር ሥር ይሸጉጣል። አሳቢነት ነው። ነገር ግን አከርካሪው የተመታ ሰው እግሩ አይሰማውም፤ የስኳር ታማሚም እንዲሁ። እኔ በተረኛነቴ አንድ ልጅ ሁለቱም ተረከዙ ተቃጥሎ አግኝቻለሁ። እናቱ ናት ያደረገችለት። ሞቅ ካለችው ከማጀቴ ከተማ መጥቶ እንዳይበርደው ብላ። ልጁ «ምንም አልተሰማኝም» ይላል፣ እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ ራሷን ትመታለች። ቁስሉ ለመዳን ወራት ፈጀ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አስታማሚ በመጣ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን እነግራለሁ፤ ካልሲ ይልበስ፣ ጋቢ ይጨመር፣ የሞቀ ነገር ግን ገላውን አይንካ። ከመንዝ ባና፣ የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ ይዘው ይመጣሉ፤ ባና ይሞቃል፣ ግን ጸጉሩ ሻካራ ነው፤ ከሥሩ አንሶላ ይግባ።

የአልጋ ቁስል ላይ ጊዜ እወስዳለሁ፤ የረዳት ሥራ ዋናው እሱ ስለሆነ። መድኃኒት የሚሰጠው ሌላ ነው፣ ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ሌላ ነው። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ የሚያደርገው ግን የእኛ እጅ ነው።

ራሱ መገላበጥ የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ይገላበጣል። ሌሊትም ጭምር። ቁስሉ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከውስጥ ነው፤ አጥንቱና አልጋው መሃል የተጨፈለቀው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ ላዩ ላይ የምናየው ከዘገየ በኋላ ነው። ትምህርት ላይ «ሲቀላ ተጠንቀቁ» ይባላል። የእኛ ቆዳ እምብዛም አይቀላም። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትመኑ። ጓንታችሁን አውልቃችሁ፣ ቁስል ከሌለ፣ በንጹሕ እጃችሁ ዳብሱ። ጅራት አጥንቱን፣ ዳሌውን፣ ተረከዙን፣ ቁርጭምጭሚቱን፣ ክርኑን፣ የጭንቅላቱን ጀርባ። ከጎኑ ካለው ቆዳ ይልቅ ይሞቃል? ይቀዘቅዛል? ይጠጥራል? እንደ ሊጥ ይላላል? ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ያለ ይመስላል? አንዱንም ካገኛችሁ ያ ቦታ ላይ ዳግመኛ አይተኛም፤ ለነርሷም ይነገራል። አትሹት። ድሮ አልኮል እየተቀባ ይታሽ ነበር፤ ማሸት የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል። ከጨርቅ የሚጠመጠም ቀለበት መሰል መቀመጫም አታድርጉበት፤ በዙሪያው ደሙን ያንቃል።

ስታዞሩት ሙሉ በሙሉ በጎኑ አታስተኙት፤ ክብደቱ ሁሉ ዳሌው አጥንት ላይ ያርፋል። ከጀርባው ትራስ ሸጉጡና ግማሽ ጎን፣ 30 ዲግሪ ያህል፣ ያዘንብል። በጉልበቶቹ መሃል ሌላ ትራስ። ተረከዙ አልጋውን እንዳይነካ ከባቱ ሥር የታጠፈ ጋቢ አድርጉ፤ በተረከዙና በአልጋው መሃል እጃችሁ ማለፍ አለበት። አንሶላው ላይ ክርታስ፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ የጋቢ እጥፋት እንዳይቀር በመዳፋችሁ ጥረጉ።

ለብቻችሁ አትጎትቱት። መጎተት ቆዳውን ይልጠዋል፣ ወገባችሁንም ይቆርጠዋል። ከሥሩ የታጠፈ አንሶላ ይኑር፤ ሁለት ሆናችሁ ጫፉን ወደ ገላው ጠቅልላችሁ ያዙ። እዚህ ላይ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ትዕዛዙን ታማሚው ይስጥ። አንድ መቶ አለቃ ነበሩ፤ በመገላበጥ በጣም ይበሳጩ የነበሩ። አንድ ቀን «እርስዎ ይቁጠሩልን» አልኳቸው። አየት አድርገውኝ «አንድ፣ ሁለት፣ አንሳ!» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየን። ከዚያ ቀን ጀምሮ 2 ሰዓት ሲሞላ እሳቸው ናቸው የሚጠሩን።

እግሩ የተቆረጠን ሰው በተመለከተ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጫፉ በየቀኑ በለብታ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ማታ ይሻላል፣ ጠዋት የራሰ ቆዳ ሰው ሠራሹ እግር ውስጥ ይላጣል። በደንብ ይድረቅ። ላስቲክ ፋሻው እንደ ስምንት ቁጥር እየተቆላለፈ ይጠመጠማል። ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ላላ። ዙሪያውን ቀለበት አድርጋችሁ ካሰራችሁት ደሙን ይቋጥረዋል። በቀን ጥቂት ጊዜ ይፈታና ይታሰራል። ከጉልበት በታች ከተቆረጠ ከጉልበቱ ሥር ትራስ አታድርጉ፤ ይመቸዋል፣ ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀርና ሰው ሠራሽ እግር መልበስ ያቅተዋል። ከጉልበት በላይ ከሆነ፣ ከቻለ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለ20 ደቂቃ ያህል በሆዱ ይተኛ።

«የሌለው እግሬ አመመኝ» ሲላችሁ እመኑት። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ አንጎል ያንን እግር ዛሬም ያስታውሰዋል። ነርሷ መድኃኒት እንዲታይለት ታደርጋለች። እስከዚያው ጫፉን ቀስ ብሎ መዳበስ፣ መታ መታ ማድረግ ብዙዎችን ያስታግሳቸዋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች መስታወት በእግሮቹ መሃል አቁመው፣ ደህናውን እግር እያየ እንዲያንቀሳቅስ ያደርጋሉ፤ ለአንዳንዱ በጣም ይረዳል። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ አስር አለቃ «ጣቶቼ ብርድ ገደላቸው» አሉኝ። ቀኝ እግራቸው ከጉልበታቸው በታች የለም። ዝም ብዬ ጋቢውን ወደ ታች ሳብኩትና ባዶውን ቦታ ሸፈንኩ፤ የጋቢውንም ጫፍ ፍራሹ ሥር ሸጎጥኩት። «ተባረኪ» አሉኝ። ተኙ። ሕክምናው ይህ ነው አልልም። ግን ተኙ።

ካቴተር፣ ማለትም ሽንት የሚያወርድ ቱቦ፣ ያለው ሰው ከረጢቱ ምንጊዜም ከፊኛው ዝቅ ይበል፣ ወለል ግን አይንካ። ቱቦው አይታጠፍ፣ ሰውየው አይተኛበት። ይህን አጥብቄ የምናገረው አከርካሪያቸው ከደረት መሃል በላይ ለተመቱት ነው። ሽንት ሲታገድ ወይም ሆድ ሲደርቅ ሰውየው ምንም አይሰማውም፤ የደም ግፊቱ ግን በአንዴ ይተኮሳል። ድንገት ራሱን ይፈልጠዋል፣ ፊቱ ያልበዋል፣ ግንባሩ ይግላል። ያን ጊዜ አታስተኙት፤ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ እግሩን አውርዱ፣ ቀበቶና ጠባብ ልብሱን ፍቱ፣ ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ አቅኑ፣ እየጮኻችሁም ነርስ ጥሩ። ደቂቃ አይሰጥም። አንድ ጊዜ የታጠፈች ቱቦ አቅንቼ የአንድ ልጅ ራስ ምታት ዓይኔ እያየ ሲለቀው አይቻለሁ።

ምግብ ላይ ከአስታማሚ ጋር እንጋጫለን። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ስትሮክ ለመታው ሰው ግን ትልቅ ጉርሻ አየር መንገዱ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ዝቅ ይበል፣ ትንሽ ትንሽ ይጉረስ፣ ሳይውጥ ሌላ አይሰጠው። ከበላ በኋላ ለግማሽ ሰዓት አይተኛ። ሲበላ የሚስል ወይም ድምፁ እንደ ራሰ ነገር የሚሆንበት ከሆነ አቁሙና ንገሩ። ጉርሻውን አትከልክሉ፤ አሳንሱት ብላችሁ አሳዩአቸው።

ጾምም አለ። የስኳር መርፌ የሚወጋ ሰው እስከ 9 ሰዓት ልጹም ሲል አትቆጡት፣ አትደብቁለትም። ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ካለ ጠባዩ ከተነጫነጨ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ከዚያ ነርስ። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች፤ የንስሐ አባቱ መጥተው ሲነግሩት ይቀበላል፣ እኛ ስንነግረው አይቀበልም። ስለዚህ የንስሐ አባቱን ስልክ ከቤተሰቡ ተቀበሉ። ጠበልም ይጠጣ፤ መድኃኒቱ ግን እንዳይቋረጥ።

ከተማው ውስጥ ተኩስ የሚሰማባቸው ቀኖች አሉ፤ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ በዓል። አስቀድማችሁ እወቁ። «ዛሬ በዚህ ሰፈር ሠርግ አለ፤ ተኩስ ቢሰሙ የደስታ ነው» ብላችሁ አልጋ በአልጋ ዙሩ። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ግን የምለው አጣሁ። ከተማው በተፈናቃይ ተሞልቶ ነበር፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ሌሊቱን አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ያነጋሉ። አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ሻይ አፈላሁ። ሌሊት ማውራት ለሚፈልግ ሰው ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ፤ «ሰው ገድለዋል?» አትበሉት፣ «እርሱት» አትበሉት። ዝም ያለውንም ለወሬ አትጎትጉቱት። «መኖር ሰለቸኝ» ካለ ግን ያ የሁለታችሁ ምስጢር አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ለነርሷ ይነገር፣ ብቻውንም አይተው።

ብዙዎች «ሲስተር» ይሉናል። ረዳት መሆናችሁን ንገሯቸው፤ ያልተፈቀደላችሁን መድኃኒት አትስጡ፣ መርፌ አትውጉ። የእናንተ ነገር ዓይንና እጅ ነው፤ ያያችሁትንም መናገር። ጠዋት 2 ሰዓት ርክክብ ላይ ሙቀትና ግፊቱ ካርዱ ላይ አለ፤ እሱን ማንም ያነበዋል። እናንተ ካርዱ ላይ የሌለውን ተናገሩ። የእኔ የትናንት ሌሊት ርክክብ እንዲህ ነበር፦

«አልጋ 3፣ ሻምበል ይባላሉ፣ በቀኝ ጆሯቸው በኩል ቁሙ። አልጋ 5፣ ጅራት አጥንቱ ላይ በግራ በኩል ሞቅ ብሎኛል፣ በዚያ ጎን አላስተኛሁትም፣ 12 ሰዓት ላይ ነው ያዞርኩት። አልጋ 6፣ አዲስ ገቢ ናቸው፣ በቀን ሦስት መለኪያ ነበር ብለውኛል፣ እጃቸውን እዩ። አልጋ 9፣ አስር አለቃ፣ ገና ተኝተዋል፤ ስትቀሰቅሷቸው ከግርጌ ነው። ቀኝ እግራቸውን ይበርዳቸዋል፤ ጋቢው እስከ ታች ይድረስ።»